የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን የት ላስገባው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። የጤና አገልግሎት አሰጣጥ መግቢያ የኦንላይን ኮርስ እየተማርኩ የሪፈር (ታካሚን ወደ ሌላ ጤና ተቋም የመላክ) መልመጃው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ኮርሱ ሆስፒታል የተባለውን ሁሉ ሁለተኛ እርከን ላይ ይመድባል። በእኛ አገር አወቃቀር ግን ጤና ኬላ (ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ)፣ ጤና ጣቢያ (በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000) እና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል (ከ60,000 እስከ 100,000) አንድ እርከን ናቸው።

ለምሳሌነት የመረጥኳት ምጥ የጠናባት የመንዝ እናት ናት። ጤና ጣቢያው ያዋልዳል፤ ኦፕራሲዮንና ደም ካስፈለጋት ግን የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትላካለች። ይህ ሪፈር እርከን መሻገር ነው ወይስ እዚያው እርከን ውስጥ መዛወር? ሪፈሩን የሚያሳየውን ቀስት በእርከኖቹ ሠንጠረዥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ካሳረፍኩት በእኛ አወቃቀር ሁለተኛው እርከን የሆነው ጠቅላላ ሆስፒታል ቦታ ያጣል፤ አንደኛው ላይ ከተውኩት ደግሞ ከኮርሱ ሠንጠረዥ ጋር ይጋጫል። የሪፈር ግብረ መልሱስ (ሆስፒታሉ ስለ ታካሚዋ መልሶ የሚልከው መረጃ) ጤና ጣቢያው ላይ ያበቃል ወይስ እስከ ጤና ኬላዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይወርዳል? ለእናትየዋ የድኅረ ወሊድ ክትትል ወሳኝ ስለሆነ እሱን መሳት አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።