በጣና ዳር የሲጋር ባር ለመክፈት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ አነስተኛ የሲጋር (በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለል ወፍራም ማጨሻ) ባር ለመክፈት አስቤያለሁ፤ በደመወዝ ከመሥራት በቀር ንግድ አላውቅምና ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤት ከመከራየትዎ በፊት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ያንብቡ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስንም ሆነ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ስለሚከለክል፣ ያሰቡት ባር በተዘጋ ክፍል ሊሠራ አይችልም። ደላላው «ግቢው ሰፊ ነው» ቢልዎትም፣ አጫሹ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ እንዳለበት ቆመው ይለኩ።

መልስ፦ በሕጉ ላይ የምጨምረው የለም። ሲጋር ግን እንደ ሲጋራ መደርደሪያ ላይ የሚተው ዕቃ አይደለም፤ 70 በመቶ ገደማ እርጥበት በሚጠብቅ የእንጨት ሣጥን ካልተያዘ በበጋ ደርቆ ሽፋን ቅጠሉ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ይሻግታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቡና ቤት ከፍቼ የሒሳብ አያያዝ እለማመድ ነበር።

ጠያቂው፦ ቀብድ ሳልከፍል ስለደረሳችሁልኝ አመሰግናለሁ።