ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ ይምረጥ ወይስ የሕዝቡ ወኪሎች?

አወያዩ፦ እሑድ ዕለት እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር ዝናቡ ስለበተነብን እዚህ በጽሑፍ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ፣ ነገሩን ያስነሳው ጎረቤታችን የመርካቶው ነጋዴ ነው። «መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ ሲመረጡ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ። ማንም አልጠየቀውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት እጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል፤ ዘመኑም ስድስት ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሬዚዳንት ይኑረን ቢባል፣ በቀጥታ እንምረጠው ወይስ እንደ አሜሪካ ሕዝቡ በየግዛቱ በሚመርጣቸው ወኪል መራጮች? ስድብ የለም፤ ብሔር እየጠሩ መወራረፍም የለም።

የመርካቶው ነጋዴ፦ በቀጥታ! ምኑ ያከራክራል? እኔ የሚዛን ሰው ነኝ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ቡናው ከማና ቢመጣም ከጎማ ቢመጣም ያው 17 ኪሎ ነው። የአሜሪካኖቹ ሚዛን ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ዋዮሚንግ 600 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ ሦስት ወኪል መራጮች አሏት፤ ካሊፎርኒያ ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ 54። አካፍሉት። አንዱ ወኪል በዋዮሚንግ ከ200 ሺህ ላነሰ ሰው ሲቆም በካሊፎርኒያ ከ700 ሺህ ለበለጠ ሰው ይቆማል። እንዲህ ያለ ሚዛን እኔ መጋዘን ቢገኝ ፈቃዴ ይቀማል።

ጡረተኛው መምህር፦ ወንድሜ፣ አገር የሚመዘን ቡና ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ግዛት ወኪሎች ቁጥር በታችኛው ምክር ቤት ካለው መቀመጫ ላይ ሁለቱ የሴኔት መቀመጫዎች ተደምረው የሚገኝ ነው። ሁለቱ ለግዛትነቱ፣ የቀረው ለሕዝቡ ማለት ነው። የዋና ከተማዋ ሦስት ሲጨመር 538 ይሆናል፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ይህ አሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን ሕዝብ ሌላ አንድ ይጨመርለታል። ጎረቤታችን የየም ብሔረሰብ በዚህ ነው ወንበር ያገኘው። ቁጥር ብቻ ከሆነ የየም ከተማ ሳጃ ድረስ ሄዶ ድምፅ የሚለምን ፕሬዚዳንት ይኖራል ብለህ ታስባለህ?

የመርካቶው ነጋዴ፦ የአሜሪካ እጩዎችስ ዋዮሚንግ ይሄዳሉ እንዴ? ገንዘባቸውንም ጊዜያቸውንም የሚጨርሱት ፔንሲልቬንያና ሚሺጋን ነው። ትንሿን ግዛት ይጠብቃል የተባለው ሥርዓት ትንሿንም ትልቋንም ረስቶ የሚያባብለው ልቧ ያልታወቀውን ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትክክል ነዎት፤ ግን ጥፋቱን የጫኑት በተሳሳተ ጀርባ ላይ ነው። ትንሿን ግዛት ያስረሳት የወኪሎች መኖር አይደለም፤ ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል የሚለው ደንብ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች 48ቱ አንድ ድምፅም ይሁን አንድ ሚሊዮን ለበለጠው ሰው ወኪሎቻቸውን በሙሉ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ልዩነቱ 537 ድምፅ ነበር፤ 25ቱም ወኪሎች ለእጩው ጆርጅ ቡሽ ሄዱ። በአገር አቀፍ ቆጠራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ብልጫ የነበራቸው ተፎካካሪያቸው አል ጎር ተሸነፉ። ሕገ መንግሥታቸው ይህን አያዝም፤ የየግዛቱ ሕግ ነው። ሜይንና ነብራስካ የተወሰኑትን ወኪሎች በምርጫ ወረዳ ከፋፍለው ይሰጣሉ፤ ሰማይ አልወደቀባቸውም። እኛም ብንሆን አንስቅባቸው። የምርጫ ክልሉ ድምፅ ለብዙ እጩዎች ተበትኖ፣ ግማሽ እንኳ ሳያገኝ ከሌሎቹ የበለጠው ምክር ቤት ይገባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

መምህር፣ ለእርስዎም አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ይህ ሲወሰን የተፈራው ለትንንሾቹ ብቻ አልነበረም። ባሪያው ራሱ ድምፅ ሳይሰጥ ሦስት አምስተኛ ሰው ሆኖ ለጌታው ግዛት ይቆጠር ነበርና፣ በቀጥታ ምርጫ ደቡቡ የሚያጣውን በወኪል ቁጥር አገኘው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ይህን አልክድም። 38 ዓመት ሳስተምር ይህቺን ክፍል በችኮላ ነበር የማልፋት።

ከአጋሮ፦ እኔ አሜሪካን አላውቅም፤ ወኪልን ግን አውቃለሁ። የገበሬ ማኅበራችን ለዩኒየኑ ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ተወካዮች ላከ። እኛ ከሺህ በላይ አባል ይዘን ሦስት፣ ከጎናችን ያለው ትንሹ ማኅበርም ሦስት። ይሁን አልን። ተወካዮቹን «ሊቀመንበር እገሌን ምረጡ» ብለን እጃቸውን ጨብጠን ሸኘን። ሌላ ሰው መርጠው ተመለሱ። አንድ ዓመት ሙሉ ቡና አብሮ የጠጣቸው የለም።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ኦቦ፣ ጨረሱልኝ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነርሷ፦ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያነበብኩት። ለምንድን ነው ሁሉ ሰው አሜሪካ የሚሄደው? ኬንያ ቅርባችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሕገ መንግሥታቸው አሸናፊው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት፤ ያም ብቻ አይበቃም፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ካልሆነ ሁለተኛ ዙር ነው። ናይጄሪያም በሁለት ሦስተኛው ግዛቶች ሩብ ድምፅ ትጠይቃለች። ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል፤ ሰፈሩን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ግን አያልፍም።

ጡረተኛው መምህር፦ ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ምርጫው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽሮ እንደገና ተመርጧል፤ ያንን ወጪና ያንን ውጥረት እኛ ብንሆን እንሸከመዋለን? ሕንድን እዪ። ፕሬዚዳንቷን የሚመርጡት የፓርላማና የየግዛቱ ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን በሕዝብ ቁጥር ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሮፓዲ ሙርሙ ሲመረጡ ሕዝበ ብዙ የሆነችው የኡታር ፕራዴሽ ግዛት አንድ አባል ድምፅ 208፣ የትንሿ ሲኪም 7 ነበር። ነጋዴያችን የሚወዳት ሚዛን በወኪልም ትገኛለች ለማለት ነው።

የመርካቶው ነጋዴ፦ እሺ፣ ሚዛኗ ቆንጆ ናት። ሥልጣን ለሌለው ፕሬዚዳንት ግን ማንም አይጣላም። ሥልጣን ካለው ጥቂት መራጭ ማለት ጥቂት በር ማንኳኳት ነው። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሬዚዳንቷን የመረጡት 328 የፓርላማ አባላት ናቸው። ማንንም አልከሰስኩም፤ ነገር ግን 328 ሰው እኔም ምሳ መጋበዝ እችላለሁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ግን ምሳ አይጋበዝም።

የሕግ ተማሪዋ፦ የአሜሪካ ወኪል ደግሞ አሁን ምሳም አያስፈልገው፤ ፖስታ አድራሽ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰባት ወኪሎች ቃላቸውን ትተው ለሌላ ሰው ድምፅ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ወኪል መቅጣት ይችላሉ ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ታዲያ ፖስታ አድራሹ ለምን ያስፈልጋል? ደብዳቤዎቹን መቁጠር ነው!

ጡረተኛው መምህር፦ መጀመሪያ እኮ ፖስታ አድራሽ እንዲሆን አልታሰበም። እጩውን ቀርቦ የሚያውቅ፣ አመዛዝኖ የሚወስን ሰው እንዲሆን ነበር።

ነርሷ፦ የአጋሮው አባታችን ግን ዝም አሉ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ለምን ሌላ ሰው እንደመረጡ ጠይቃችኋቸዋል?

ከአጋሮ፦ ማንም አልጠየቀም። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ የኦዲት ሪፖርቱ ሲነበብ፣ ምረጡ የተባልነውን ሰው ስም ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ እጄን ማውጣት አቃተኝ። መንደር ስመለስ ሪፖርቱን ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሰማ አልነበረም፤ ብናገርም ጉቦ በልቶ ነው ተባልኩ።