ካዚኖ የተበላ ብር ይመልሳል እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትናንት ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን የአሜሪካ ካዚኖዎች ሀብታም ሲበላ ከፊሉን ይመልሱለታል አለ። ሳቅንበት። እኛ ሰፈር ያለው ውርርድ ቤት እንኳን ሊመልስልህ ቀና ብሎም አያይህ። እውነት ነው?

ሳቢያን፦
እውነት ነው፣ ግን ለእኔና ላንተ አይደለም። በአንድ ዙር በአሥር ሺዎች ዶላር የሚያሲዝ ሰው ሲመጣ ካዚኖዎቹ ይሻሙበታል፣ እና ከተበላህ ይህን ያህል እንመልስልሃለን ብለው ገና ሳይጫወት ይዋዋላሉ። 20 በመቶ ተባለ እንበል። 1 ሚሊዮን ዶላር ተበላ፤ የሚከፍለው 800 ሺህ ነው። ካዚኖው አሁንም 800 ሺህ በላ ማለት ነው! ደግሞ ይህን ያህል ሰዓት ካልተጫወትክ አይመለስልህም የሚል ግዴታ አለው፤ ቶሎ ብድግ የሚል ሰው ያከስራቸዋል።

የመጋላው፦
ዶን ጆንሰን የሚባለው ሰውዬ ጉድ የሠራቸው በዚሁ ነው። አትላንቲክ ሲቲ የምትባለው የአሜሪካ የካዚኖ ከተማ ገበያው ቀዝቅዞባቸው ስለነበር 20 በመቶ እንዲመልሱለት ተደራደረ፣ ብላክጃክ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሕግም ለራሱ አስለሰለሰ፣ ከዚያ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ወራት ከ3 ካዚኖዎች 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዞ ወጣ። የወጡትን ካርዶች በልቡ እየቆጠረ አይደለም ያሸነፈው። ድርድር ነው ያበላው።

የከዚራ ልጅ፦
ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስንገዛ የምናደርገው ነዋ!

ሳቢያን፦
አዎ፣ እሱ ግን ካልቀነሱለት ጥሎ ይሄዳል። ለማንኛውም ለጓደኛህ የሻዩን ክፈልለት።