«ካራ» ወዳጅ ነው ወይስ ቢላ?

ደብሊን ነኝ፦ ሰላም ቤተኞች። እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት በአይሪሽ ደብዳቤ ልኮልኛል፤ ሲጀምር «አ ኻራ» ይላል። «ወዳጄ ሆይ» ማለት ነው፣ ለማንም ይጻፋል አሉኝ። የላከልኝ ግን ያልከፈልኩትን ሂሳብ ነው። ለእናቴ በስልክ ላነብላት ነው፤ «ወዳጄ» ልበል ወይስ «ውድ»?

የቆሎ ተማሪ፦ ቃሉ «ካራ» ነው። በኛ ካራ ቢላ ነው፣ ሂሳብ ከጠየቀህማ ልክ ነው 😂 ደግሞ ከኋላ አንብቡት፤ አርክ! የግዕዙ ወዳጅ!

የቀለም ቀንድ፦ ልጄ፣ ዓርክ በዐይኑ ዓ ነው። ሥር እንደ ካልሲ አይገለበጥም፤ ቅኔ ቤት ብትሆን የኔታ በአለንጋ ነበር የሚመልሱልህ። የካራ ዘመዶች እዚያው ሰፈር ናቸው። በዌልስ «ካሩ» መውደድ፣ «ካር» ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ51 በሮማውያን እጅ የወደቀው የጥንቷ ብሪታንያ አለቃ ካራታኩስም ስሙ ከዚሁ ነው፣ ፍቁር እንደማለት። ላቲኑ «ካሩስ» ደግሞ ውድ።

ደብሊን ነኝ፦ ስለዚህ «ውድ» ልበላት?

የቀለም ቀንድ፦ ቆይ! ካሩስ የሚወደደው ነው። ካራ ግን ሌላውን የሚወድ፣ ልክ ከወደደ ወዳጅ እንደሚወጣው። የእንግሊዝኛው ፍሬንድም አወጣጡ እንዲሁ ነው።

ሻይ በሎሚ፦ ያበደረኝን መሥሪያ ቤት የምወደው እኔ ነኝ ማለት ነው? 😂 «ኬር»ስ፣ የእንግሊዝኛው «መንከባከብ»፣ ዘመዱ ነው?

የቀለም ቀንድ፦ አይደለም። እንግሊዝኛ ከዚህ ዘር ከላቲን ሳይዋስ በቀጥታ የቀረለት ለሴተኛ አዳሪ የሚባለው ስድብ ነው፤ አልጽፈውም።

የቆሎ ተማሪ፦ እሺ «አ»ስ? ግዕዝ «ኦ እግዚእ» ይል የለ!

የቀለም ቀንድ፦ ሥራቸው አንድ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። ካ ወደ ኻ የላላችው ከዚያ «አ» በኋላ ስለመጣች ነው። ትግርኛ ከልቢን ሲያበዛ ኣኻልብ እንደሚለው። ይልቅ «አንምኻራ»ን ብታውቁ! በጥንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ተቀባዩ ነው፤ ሲፈታ የነፍስ ወዳጅ። እሱ የሌለው ሰው ራስ እንደሌለው ገላ ነው ይላሉ።

ሻይ በሎሚ፦ በቃ የነፍስ አባት!

የቆሎ ተማሪ፦ አባትና ወዳጅማ አንድ አይደሉም። እኔ የነፍስ አባቴን «ወዳጄ» ብላቸው ስግደቱን እጥፍ ያደርጉብኛል።

የቀለም ቀንድ፦ መውደድ የሌለው አባትነት ከየት መጣ? ግሱን ተመልከት እንጂ!

የቆሎ ተማሪ፦ ግሱን ለስግደቴ ይንገሩልኝ 😂

ደብሊን ነኝ፦ እናቴ መስመር ላይ ናት። «ወዳጄ» ወይስ «ውድ»?

ሻይ በሎሚ፦ ሂሳቡ ስንት ነው?