ከጨብሲ ጋር የተያያዘ መጠጥ እንዴት ይቆማል?

የቆጪዋ፦
ሰላም ጅማዎች። ታላቅ ወንድሜ ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ ማታ ለጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ስሜት ለመስበር፣ ሦስት አራት መለኪያ አረቄ ይጠጣል፣ ከላዩ ቢራ ይደርብበታል። በዐቢይ ጾም ይተዋል፣ ፋሲካ ላይ ይመለሳል። ድሮ ሲያቆም ምንም አይሆንም ነበር፤ አሁን ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ለዘለቄታው ሊተው ቆርጧል። በአንዴ ያቁም? አምሮቱ ሲመጣስ ምን ያድርግ?

ነርሱ፦
እህቴ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤት ተቀምጦ በአንዴ አያቁም። በየዓመቱ እያቆሙ መመለሱ ራሱ ነገሩን ያከብደዋል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንጎል ይበልጥ ይረበሻል። ድሮ ምንም አለመሆኑ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ከቀባዠረ፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ካተኮሰው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ጠበል ይወስዳል፤ ጠበሉ ይደርሳል፣ ቅድሚያ ሐኪም ይየው።

ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሽው ሂጂ። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎት ያውቅ እንደሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓም በየቀኑ እየተቀነሰ፣ ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ አብሮ ይታዘዛል። ዲያዜፓሙን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ከተደራረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሄርማታ፦
ነርሱ ያለው ላይ ልጨምር። ጫቱ ካልተነካ አረቄው አይለቅም። ጫት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አረቄው የሚፈለገው ያንን ለመስበር ነው። እየቃመ መጠጡን ብቻ ቢተው ሌሊቱን አፍጥጦ ያድራል፤ በሦስተኛው ሌሊት «ለእንቅልፍ አንድ ብቻ» ይላል። ሁለቱን አብሮ ይተው። መጀመሪያ ሰሞን ድብርትና ዱካክ (የእንቅልፍ ቅዠት) ሊያስቸግረው ይችላል፣ ያልፋል።

11 ሰዓት ላይ ጠገብ የሚያደርግ ምግብ ይብላ፤ ረሃብና ጥም አምሮት ይመስላሉ። አምሮቱ ሲነሣ ሰዓት ይመልከት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። እስኪበርድ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ይራመድ፣ በአረቄ ቤቱ በኩል ግን አይለፍ። «ጠላ ቀላል ነው» የሚለውንም አትቀበሉ።

የቆጪዋ፦
ሠርግና ለቅሶ ላይ ሲጫኑትስ?

ሄርማታ፦
«መድኃኒት ላይ ነኝ» ይበል፣ ማንም አይጫነውም። «ልተው እየሞከርኩ ነው» ካለ ክርክር ይከፈትበታል።

ጾሙ ማብቂያ ቀን ስላለው ልቡ ፋሲካን ይቆጥራል። የፋሲካ ዕለት የት እንደሚውልና ከማን ጋር እንደሚፈስክ ከአሁኑ ይወሰን። ቢሳሳት በማግስቱ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከማን ጋር፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር ይዞ እንደነበር ጻፉና ከሦስቱ አንዱን ቀይሩ። ለቀናት ከጠጣ ግን እንደገና በራሱ አያቁም፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ መልሱት።