ከተረፈ ጥለት ጉትቻ፣ ከማድ ቤት የፊት ማስክ፦ የምታውቁ ንገሩኝ

የቀበና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የአክስቴ ልጅ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ታገባለች። ሚዜዎቹ አምስት ነን። የሀበሻ ቀሚሳችንን ሽሮ ሜዳ አሠርተናል፤ የተረፈውን ጥለትም ጠቅልለው ሰጥተውናል። አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ ወፈር ያለ። መጣል አላስቻለኝም። ለአምስታችንም አንድ ዓይነት ጉትቻ ይወጣዋል፣ ከተረፈም የፀጉር ማስያዣ እሠራበታለሁ ብዬ አሰብኩ። ችግሩ፣ ዳሩን ነካ ሲያደርጉት ክሩ እየተተረተረ ያልቃል። ምን ይሻላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ፊትና ፀጉር ነው። ሳሎን ገብተን የሚዜ ፓኬጅ ዋጋ ጠየቅን፣ ተያይተን ወጣን። ስለዚህ ቤት ውስጥ ልንሠራው ነው። ቲክቶክ ላይ አንዷ እርድ፣ ሎሚና ማር ለውሳ ፊቷ ላይ ትለጥፍና በረንዳ ላይ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ፊቷ ያበራል። ለፀጉርስ ቅቤ ይሻላል ተልባ? እናቴ ሁዳዴ ሳይወጣ ቅቤ በቤቴ አይቀልጥም ብላለች። አንዷ ሚዜ ደግሞ ኮንዶሚኒየሟ ባኞ ቤት ውስጥ ወይባ (የእንጨት ጭስ) እንሙቅ እያለች ነው።

እንዳልረሳው፣ ጆሮዬ አርቴፊሻል ጉትቻ አይወድም። ያሳክከኛል፣ ውሃ ይቋጥራል። የምሠራው አራት ኪሎ ነው፤ ፒያሳም መርካቶም ከሥራ ስወጣ ብቅ ማለት እችላለሁ።

የሠራተኛ ሰፈሯ

እህቴ፣ እንኳን አልጣልሽው! እኔ ከጥለት ቁርጥራጭ ጉትቻና የአንገት ጌጥ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። እናቴ ሹሩባ ሠሪ ናት። ሁለቱም ጥያቄዎችሽ ቤታችን ድረስ ነው የመጡት። ከጨርቁ ልጀምር፣ እሱ ደስ ይላል።

ጥለት ሲቆረጥ ድርና ማጉን የሚይዘው ነገር የለም፣ ለዚህ ነው የሚተረተረው። መቀስ ከማንሳትሽ በፊት ጀርባውን አጠንክሪው። ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ የሚያደርቁበት፣ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ አለ። መርካቶ የስፌት ዕቃ የሚሸጡት ጋ በሜትር ታገኚዋለሽ። በጣትሽ ስትዳብሺው አንዱ ፊቱ ሻከር ይላል፤ ሙጫው ያለው እዚያ ነው። ያንን ፊት ከጥለቱ ጀርባ ጋር አገናኚ፣ በላዩ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጊና ካውያውን ተጫኝው። ተጫኝው አልኩ እንጂ ግፊው አላልኩም። ከገፋሽው ጥለቱ ይንሻፈፍና ጥበቡ ጠማማ ይወጣል። ሙቀቱ መካከለኛ ይሁን። ያ ወርቃማው ክር ፕላስቲክነት አለው፣ ካውያው ከጋለበት ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ደግሞ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ ጫፏ ላይ ሞክሪ።

ሲቀዘቅዝ ገልብጪና ቅርጹን ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይ። የለስላሳ ቆርኪ ለጆሮ ልክ ነው፣ የሲኒ አፍ ይበዛል። ዋናው ነገር ግን ጥበቡ መሀል ላይ መውደቁ ነው። መስቀሉ በአንዱ ጉትቻ መሀል፣ በሌላው ጥግ ከሆነ፣ የፈለገ ውድ ጥለት ይሁን ከሩቁ የቁርጥራጭ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ከካርቶን መሀሉ የተቀደደ ክብ ሠርቼ ጥለቱ ላይ እያንቀሳቀስኩ ነው ቦታ የምመርጠው። ለአምስት ሰው አሥር ፍሬ ስለምትቆርጪ መጀመሪያ አሥሩንም ቦታ ምልክት አድርጊና ከዚያ ቁረጪ፤ አለበለዚያ ስምንተኛው ላይ ስትደርሺ ጥለቱ ያልቅብሻል።

ጠርዙን ቀለም የሌለው ጥፍር ቀለም በስሱ ቀቢው፣ ክሩን ያስረዋል። ለጀርባው የቦርሳ ሠሪዎች ቁርጥራጭ ቆዳ ፈልጊ፣ ስሱን። ብዙዎቹ ስትጠይቂያቸው በነፃ ይሰጡሻል። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ቀብተሽ፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቀሽ ግጠሚው። ቶሎ ከገጠምሽው እርጥቡ ማስቲሽ ወደ ፊት ሰርጎ ጥለቱን ያጠቁረዋል። መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። በመጨረሻ ዳር ዳሩን በወርቃማ ክር ዘምዝሚው። እዚህ ላይ አትቸኩይ። የሱቅ ዕቃ የሚያስመስለው እሱ ዝምዝማት ነው።

ለፀጉር ማስያዣ ግን ጥለቱን አልመክርሽም። ይደርቃል፣ ያ የሚያብለጨልጨው ክር ደግሞ ፀጉር እየነቀለ ይወጣል። ከቀሚሱ ከሜዳው፣ ጥለት ከሌለበት ጨርቅ ማለቴ ነው፣ የተረፈ ካለሽ እሱን ላስቲክ አስገብተሽበት ስፊው፣ ጥለቱን ከላይ እንደ ቋጠሮ አድርጊበት።

ፊቱ ላይ ቆም በይ። የልጅቷ ፊት የሚያበራው በስልኩ ፊልተር ነው። ሎሚ እና ፀሐይ አይገናኙም! የእኛ ትንሿ ሎሚ ልጣጯም ጭማቂዋም ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። ወዲያው ምንም አይታይሽም። በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ጥቁር ቡናማ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ምልክቱ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይቆያል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ብርድ ብርድ እያለሽም ታቃጥላለች። ሰርግ ቤት ሎሚ ሲጨምቁ ውለው ደጅ ፀሐይ ላይ የቆዩ ሴቶች እጃቸው እንዲህ ሲሆን እናቴ በዓይኗ አይታለች፤ ምች መታቸው ነበር የተባለው።

እርዱም ለሚዜ አይሆንም። ጉዳት እንኳ ባይኖረው የፀጉር መስመርሽንና ጥፍርሽን ቢጫ ያደርገዋል፣ የፎቶግራፍ ቀን ማን ቢጫ ግንባር ይፈልጋል? ማርና በደንብ የተፈጨ አጃ ይበቃሻል። አንድ ማንኪያ ከአንድ ማንኪያ፣ ለብ ባለ ውሃ ለውሰሽ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታጥበሽ ቅባትሽን ቀቢ። በስኳርም በቡና አተላም ፊት አትፈግፍጊ። ለተረከዝ ግን የቡና አተላ የሚያህለው የለም። የትኛውንም ነገር መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ቀብተሽ ሁለት ቀን እዪው። በሰርጉ ሳምንት ደግሞ አዲስ ነገር አይሞከርም።

ፀጉር ላይ ተልባ ጾመኛ ነው፣ ከእናትሽ አያጣላሽም 😄። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ቀስ ባለ እሳት እያማሰልሽ ቀቅዪው። እንቁላል ነጭ መስሎ ከማንኪያው ሲዘረጋ አውጪው፤ ትኩስ እያለ አጥልዪው። ከቀዘቀዘ በወንፊት አያልፍም፣ ከተልባው ጋር ስትታገዪ ታመሻለሽ። ንጹሕ አሮጌ ስቶኪንግ ከወንፊት ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት አይለፍ፣ ይሸታል። እርጥብ ፀጉር ላይ ቀቢና በቢጎዲን ጠቅልዪው ወይም ቁጥርጥር ተሠሪበት። ሲደርቅ ይዞ ያብረቀርቃል። ፀጉር ያሳድጋል የሚሉሽን ግን አትስሚ።

አበሻ ነኝ

አሁን በዚህ ዘመን ቅቤን ትታችሁ የተልባ ሙጫ! እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ተቀብተው ነው ፀጉራቸው ወገባቸው የደረሰው። እጃቸውን እንሶስላ፣ ፀጉራቸውን ቅቤ፣ አለቀ። ክሬም ምናምን የሚባል ነገር ሳያውቁ አይደል እንዴ የኖሩት? ሁሉን ነገር ከቲክቶክ ካልተማርን እያልን ነው የጠፋነው።

የሠራተኛ ሰፈሯ

ወንድሜ፣ ቅቤ መቼ ጠላሁ? ቤታችን በቅቤና በአደስ ሽታ ነው ያደግነው። ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይይዘዋል፣ የማይሰበር ፀጉር ደግሞ ይረዝማል። በሰርጉ ዋዜማ ግን አይሆንም። ሲቀልጥ ግንባር ላይ ይወርድና ብጉር ያወጣል፣ ነጭ ቀሚስ ላይ ከወረደ ደግሞ ወይ አምላኬ! አንቺ እህቴ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ከሰርጉ ሳምንት ቀደም ብለሽ አንድ ሌሊት በሻሽ ጠቅልለሽ እደሪበት፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ ደጋግመሽ በሻምፖ እጠቢው። የምትገዢ ከሆነ አሁኑኑ ግዢ፣ ለበዓል ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም። እና ሹሩባ ሠሪዋ ስትጎትትሽ ዝም አትበዪ። እናቴ ራሷ "ካመመሽ ተናገሪ፣ ውበት ብለሽ አትቻዪ" ትላለች። የግንባር ዳሩ እየሳሳ የሚሄደው በመጎተት ነው፣ ከቆየ ደግሞ አይመለስም።

እንሶስላው ላይ ግን እጄን ሰጥቻለሁ፣ ለእኔ አልመጣልኝም ነበር። አምስታችሁም ተሰብስባችሁ ማታ ሥሩን ወቅጣችሁ መዳፍና እግር ላይ አድርጋችሁ፣ ጠቅልላችሁ እደሩ። ጠዋት ቀይ ሆኖ ይወጣል። የሚዜነት ግማሹ ደስታ እሱ ነው።

መድኃኒት ቤት የምሠራ

ሦስት ነገር ብቻ ልበል፣ ሌላው በደንብ ተብሏል።

ወይባውን ባኞ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ እባካችሁ። ገጠር ጉድጓዱ ደጅ ወይም አየር በሚገባበት ቤት ነው የሚቆፈረው። በሩ የተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል ወይም እንጨት ሲጨስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ድካም ይጀምራችኋል፣ ሙቀቱ ነው ትላላችሁ፣ ከዚያ እግር አይታዘዝም። መሞቅ ካማራችሁ ለሥራው የተዘጋጀና ጭስ መውጫ ያለው ቦታ ሂዱ።

"ጥቁር ሂና" የሚባለውን ከእንሶስላ ጋር አታምታቱት። እውነተኛ ሂና ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ነው፣ ሰዓታትም ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው። በሥዕሉ ቅርጽ ቆዳ ሲያቃጥል አይቻለሁ። አንዴ አለርጂ ከሆነባችሁ በኋላ ፀጉር መቀባትም ያስቸግራችኋል።

ሦስተኛው፣ ለሰርግ ብላችሁ ፊት የሚያቀላ "ቅልቅል" ከማንም እንዳትገዙ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ስቴሮይድ ይገኛል። መጀመሪያ ያሳምራል፣ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆሙት ደግሞ ፊት ይቆጣል። ጠያቂዋ ይህን አላነሳሽም፣ ግን ሰርግ በደረሰ ቁጥር መጥተው የሚጠይቁን እሱን ስለሆነ ነው።

ብር ሠሪው

የጆሮሽን ነገር ማንም አልመለሰልሽም። አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል የሚባለው ማዕድን ነው። ርካሹ ጉትቻ ከላይ ወርቅ ይመስላል፣ ቅቡ ሲላጥ ኒኬሉ ቆዳ ይነካል። ቆዳሽ አንዴ ከጠላው ሁልጊዜ ይጠላዋል። አንዳንዶች መንጠቆውን ጥፍር ቀለም ይቀቡታል፤ ለአንድ ምሽት ይይዝ ይሆናል፣ ይላጣል ግን። ጉትቻውን ከጨርቅ ሥሪ፣ መንጠቆውን ብቻ ከብር አሠሪ። አምስት ጥንድ መንጠቆ ማለት ትንሽ ሽቦ ናት፣ ኪስ አይጎዳም። 925 በይ፤ ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ስትገዢ ማግኔት አስጠጊው፤ ከሳበው ብር አይደለም። ስላልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም አይሳብም።

የአያት ዕቃ ካላችሁ ደግሞ እዩት። ድሮ መስቀሉም ድሪውም አልቦውም ብዙው የተሠራው የማርያ ትሬዛ ብር፣ ያ ድሮ የሚገበያዩበት ሳንቲም፣ እየቀለጠ ነው። አንዷ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ ነው ማለት ይቻላል። መዳቡ በላብ አረንጓዴ ነገር ቢተውብሽ አትደንግጪ፣ ታጥቦ ይሄዳል። ማሳከክና አረንጓዴ መሆን ለየብቻ ናቸው። ሳንቲሟ ላይ 1780 የሚል ስላየሽ ብቻ በዚያ ዓመት የተመታ ነው እንዳትዪ፣ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። የተሰበረ መስቀል ወይም ቀለበት ካላችሁ እንዳትሸጡት፣ መንጠቆ ይወጣዋል።

የጠቆረ ብር ለማጽዳት አሉሚኒየም ፎይል ሳህን ላይ አንጥፊ፣ ብሩን አስቀምጪ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺና የፈላ ውሃ አፍስሺበት። ጥቁሩ ወደ ፎይሉ ይሄዳል። ጨርቁን መጀመሪያ አውልቂ ታዲያ፣ ድንጋይ ያለበትንም አትንከሪ።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ሱቃቸውን ይዘው ከተነሱት አንዱ ነኝ፤ ግን ብር ሠሪ አላለቀም፣ ዙሪያውን ጠይቂ፣ ያሳዩሻል።

የቀበና ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወይባውን ሰርዘናል፣ ባለሐሳቧም ካርቦን ሞኖክሳይዱን አንብባ ዝም ብላለች። የጾሙን ተልባ እናቴ ራሷ ቀቅላ ጀምራለች። አንድ ነገር ቀረኝ። ከአምስታችን አንዷ ጆሮዋ አልተበሳም። አሁን ትበሳ እያሉ ነው። ክሊፕ ላድርግላት?

የሠራተኛ ሰፈሯ

እንዳትበሳ! የጆሮ ለሆ ቢፈጥን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው የሚድነው፣ ሰርጉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ያበጠ ጆሮ ላይ ጉትቻ አይሰቀልም። ክሊፕም እስከ መልሱ ድረስ አትችለውም፣ ይቆነጥጣል። ሹሩባ ነው የምትሠሩት አይደል? የእሷን ጉትቻ ያለ መንጠቆ ሥሪው፣ ከላይ ትንሽ የክር ቀለበት አድርጊለት። በጆሮዋ ትክክል የሚወርደውን ሹሩባ ምረጪና በጥቁር ክር ሁለት ቦታ ስፊበት። አንድ ቦታ ከሰፋሽው እስክስታ ላይ ይዞራል።