ዶርዜ ገበያ የትኛው ቀን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከእማዬ ጋር አርባ ምንጭ ነን፣ የዶርዜ ገበያ መቼ ነው የሚቆመው? እሷ ጋቢ ካልገዛሁ ብላለች፣ እኔ ደግሞ ምግቡን መቅመስ ነው የምፈልገው

መልስ፦ ሰኞና ሐሙስ ነው እህቴ። በጠዋት አትሂዱ፣ ሰዉ ከየመንደሩ ሸክሙን ይዞ በእግሩ ስለሚመጣ የሚደምቀው ከሰዓት ነው። ቆጮውን ትኩሱን በማርና በዳጣ ብሉት፣ በጣም ነው የሚጣፍጠው!

መልስ፦ ጋቢውን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ውሰዱት። ፈትሉ የሴቶቹ ሽመናው የወንዶቹ ነው፣ ስንት ቀን የተለፋበት ስለሆነ ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ እባካችሁ

መልስ፦ ቀኑ ካልተመቻችሁ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ አለ፣ ፖምም እዛው ታገኛላችሁ። ለእናትሽ ወፍራም ሹራብ ያዢላት፣ ተራራው ላይ ብርድ ነው